የዳለቻ መንታ

ጥላዬ ጊደሯን ሊያጥባት ጅራቷን ወደ ጎን እንዳነሳ እጁ ባለበት ቀረ።

"ምነው ጋሼ፣ ረገጠችዎ?" አለ ታናሽ ወንድሙ ሙላቴ፣ የባልዲውን ውሃ በጀርባዋ ላይ እያወረደ።

"አልረገጠችኝም። እሷስ ዝም ብላ ቆማለች።"

ቦራ በእርግጥም ዝም ብላ ቆማለች። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ወገቧ የሰፋ፣ ጸጉሯ የሚያበራ ጊደር ናት፤ ከሩቅ ያያት ሁሉ የሚመርቃት። ጥላዬ ያየው ግን ሌላ ነው። ከጅራቷ ሥር ያለው ብልቷ የሦስት ዓመት ተኩል ጊደር አይመስልም፤ የጥጃ ያህል ትንሽ ነው። ከታች ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ፍየል ጺም የተንጠለጠለ ጸጉር አለው። ጅራቷን ቀስ ብሎ ለቀቀና እጁን በሱሪው ጠረገ።

"ሙላቴ፣ ይቺ የወይፈኑ የዳለቻ መንታ አይደለችም እንዴ?"

"ናት እንጂ። ለዚያስ አይደል የመረጥናት።" ሙላቴ ባዶውን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት። "መንታ ሆና የተወለደች መንታ ትወልዳለች። የልጄን አማት የጌጡን በረት በጥቂት ዓመት ትሞላዋለች። ያኔ 'የዝናሽ እግር መልካም ነው' ይባላል።"

"ሌላዋን ጊደር፣ ወይኖዋን የምትሰጡ መስሎኝ ነበር።"

"ወይኖዋማ በክረምቱ ገደል ገባች። በስልክ ነግሬዎት አልነበር?"

"ቦራ ኮርማ ፈልጋ ታውቃለች?"

ሙላቴ ከመመለሱ በፊት ወደ ቤቱ በር ዞር ብሎ አየ። "ገና ናት።"

"እኩዮቿ ወልደዋል እኮ።"

"የደጋ ከብት ይዘገያል ጋሼ። የጎረቤታችን የነእመቤት ላም በአምስት ዓመቷ ነው የወለደች። ይልቅ ሰዎቹ ሳይደርሱ ቀንዷን ቅቤ እንቀባት።"

ቀኑ የጥር ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጌጡ ከማዶ መንደር ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ይመጣል፤ የልጁ የይሻውና የሙላቴ ልጅ የዝናሽ ቃል ይታሰራል። የወንዱ ወገን በሬ፣ የሴቷ ወገን ጊደር ያቆማል፤ ጎጆው በሁለቱ ይጀመራል። ለእያንዳንዱ ከብት ደግሞ ነውር እንደሌለበት የሚምል ዋስ ያስፈልጋል። ሙላቴ ለዋስነት የጠራው ታላቅ ወንድሙን ነው። ጥላዬ ለዚሁ ብሎ ከደብረ ታቦር በጠዋቱ ሚኒባስ ገሳይ ደርሶ፣ ከገሳይ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሩ ወጥቷል። ባገሩ የጥላዬ ቃል ይታመናል። ብዙ ስለማይናገር ነው የሚሉም አሉ።

ጥላዬ የዩኒቨርሲቲ ዘበኛ ነው። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት እንደ ደገመ አባቱ ሞቱና ሞፈር ጨበጠ፤ ትምህርቱ በዚያው ቀረ። ኋላ ከተማ ገብቶ ይሄን ሥራ ሲይዝ ወንበሩን ያገኘው በመማሪያ ክፍሎቹ ኮሪደር ላይ ነበር። ክፍሉ ሰባ ተማሪ ይዞ ስለሚታፈን በሩን ከፍተው ነው የሚያስተምሩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ በር የወጣውን ሁሉ ሰምቷል። ደብተር የለውም። የሰማውን ወደ ቤቱ ሲሄድ በመንገድ ላይ ያነበንበዋል፤ ድሮ ዳዊቱን እንዲያ ነበር የያዘው። ያልገባውን ለሌላ ቀን ያቆየዋል። አንዳንዱን ነገር ሦስት ዓመት አቆይቶ ነው የገባው።

ከሁሉ አብልጦ ያዳመጠው ግን ባለፈው ዓመት መምህርት ሰልማ ስለ ጽንስ ያስተማረችውን ነው።

"አንዷ እንቁላል ሁለት ትሆናለች፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት" ትላለች ሰልማ፣ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ይንኳኳል። "መጀመሪያ ሁሉም ሴሎች አንድ ዓይነት ናቸው። ከዚያ ከውጭ በኩል ያሉት እንግዴ ልጅ ይሆናሉ፤ ከውስጥ ከቀሩት ገላው ይሠራል። ከገላውም አንዱ ደም ይሆናል፣ አንዱ አጥንት፣ አንዱ የዓይን ብሌን። አሁን ልብ በሉ። ዓይናችሁ ውስጥ ያለው ሴል ጉበት ለመሆን የሚያስፈልገውን ትእዛዝ በሙሉ ይዟል። ይዞታል እንጂ አያነበውም።"

ጥላዬ ይህቺን ቃል ሁለት ቀን ይዟት ዋለ። በሦስተኛው ቀን ሰልማ ክፍሉን ዘግታ ስትወጣ ከወንበሩ ተነሳ።

"መምህርት፣ ካላስቸገርኩዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።"

"ይጠይቁኝ ጋሽ ጥላዬ።"

"ሁሉም መጽሐፉን በሙሉ ከያዘ፣ 'አንተ ይህን አንብብ፣ አንተ ያን ተው' ያለው ማን ነው?"

ሰልማ መጽሐፎቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። "ተማሪዎቼ እንኳን ይሄን አልጠየቁኝም። እነሱ የሚጠይቁኝ ፈተና ላይ ይወጣል ወይ ብለው ነው።"

"እኛ ዘንድ ግጻዌ የሚባል አለ" አለ ጥላዬ፣ ድፍረቱ እያሳፈረው። "መጻሕፍቱ ሁሉ ዕቃ ቤት ተቀምጠዋል። በየዕለቱ ግን ሁሉም አይነበብም። 'ዛሬ ከዚህ እስከዚህ ይነበብ' ብሎ ለዲያቆኑ የሚያዘው ግጻዌው ነው። ሴሉም እንዲህ ያለ ነገር ይኖረው እንደሁ ብዬ ነው።"

"አለው። ግን ባንድ ቦታ የተቀመጠ አይደለም። ጎረቤቱ የሆነው ሴል ይነግረዋል። በደም የሚመጣ መልእክት ይነግረዋል። የቆመበት ቦታም ይነግረዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሰዓቱ ነው ጋሽ ጥላዬ። መልእክቱ ያለ ሰዓቱ ከደረሰ፣ የተነበበው ተነበበ ነው። ወደ ኋላ አይመለስም ማለት ይቻላል።"

በሚቀጥለው ሳምንት ሰልማ ለተማሪዎቿ "አንድ ባልደረባዬ የነገረኝ ምሳሌ አለ" ብላ ስለ ግጻዌው አወራች። ጥላዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲመለከት ቆየ።

በዚያው ሳምንት ነበር ሰሌዳው ላይ ሁለት ጥጃ የሣለች። በጽንስ መጀመሪያ ላይ፣ አለች፣ ዘር የሚሠራው ክፍል ወንድም ሴትም አይደለም፤ ሁለቱንም መሆን ይችላል። የወንዱ ቀድሞ ይወስናል፤ ወስኖም መልእክቱን በደሙ ይለቃል። ላም መንታ ስታረግዝ ታዲያ ብዙውን ጊዜ የሁለቱ እንግዴ ልጅ ይጋጠማል፤ ደም ስራቸውም ይገናኛል። የወንዱ መልእክት እህቱ ገና ሳትሠራ ይደርስባታል። ከውጭ ሲያዩዋት ጊደር ናት፤ ውስጧ ግን በቅጡ አልተሠራም።

"መምህር፣ እኔም የወንድ መንታ ነኝ" አለች አንዲት ተማሪ፣ ክፍሉም ሳቀ።

"አትፍሪ፣ የሰው እንዲህ አይገናኝም" አለች ሰልማ። "ይሄ በዋናነት የላም ነገር ነው። አባቴ ጀማል አርባ ዓመት ከብት ነግዷል። የወንድ መንታ ጊደር ግን አይገዛም። ለምን ስለው 'አይበጅም' ከማለት በቀር ምክንያቱን አያውቅም። ምክንያቱን ፍለጋ እኔ እዚህ ድረስ መጣሁ።"

ያኔ ጥላዬ የሙላቴን በረት አላስታወሰም። አሁን የታጠበችው ቦራ ፊቱ ቆማ ውሃዋን ስታራግፍ፣ የሰልማ ድምፅ አንድ ቃል ሳይጎድል መጣለት።

ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣ። ከታች ገብሱ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፤ ዳለቻ ቃርሚያውን እየለቀመ ነው። ሰልማ ስታነሳው ከጀርባዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

"መምህርት፣ በዕረፍት ቀንዎ አስቸገርኩዎ።"

"ኧረ ምንም አይደል። ደህና ነው?"

ያየውን ነገራት። ስለ ዋስነቱም ነገራት።

"ጸጉር አላት ነው ያሉኝ? ከታች?"

"አላት።"

"ከአሥሩ ዘጠኙ አይወልዱም። አንዷ ታመልጣለች፤ ደም ስራቸው ሳይገናኝ የቀረ እንደሆነ።"

"ይቺ አንዷን ትሆን ይሆን?"

"ምልክቱ ካለ እኔ ተስፋ አላደርግም። ግን የእንስሳት ሐኪም እጁን አስገብቶ ማህጸኗን ይዳስስ። በስልክ ፍርድ አይሰጥም።"

"ሐኪሙ ለክትባት ቆላ ወርዷል። የሚመለሰው ማክሰኞ ነው። ሰዎቹ የሚመጡት ዛሬ።"

"እንግዲህ ጋሽ ጥላዬ፣ እኔ የማውቀውን ነገርኩዎ። ቆይ አባቴ ምን እንዳሉኝ ይጠይቃል…" አንድ የሸመገለ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ ሰልማ ሳቀች። "'የወንድ መንታ ለርቢ አትሆንም፤ ለሥጋ ከሆነ ግን እሷን የሚያህል የለም፣ እኔው እገዛታለሁ' ይላል።"

ጥላዬ ከጉብታው ሲወርድ ሙላቴ የቅቤውን ጣሳ ይዞ ይጠብቀዋል። ሚስቱ እቴነሽ የጠላ ማሰሮዎቹን ከጓዳ አውጥታ በደጃፉ ጥላ ሥር ትደረድራለች። ጥላዬ የሰማውን አንድ ሳያስቀር ነገራቸው።

ሙላቴ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "በበር ቀዳዳ የሰሙት ነገር ልጄን ከጎጆዋ ሊያስቀራት ነው እንግዲህ።"

"በሩ ክፍት ነበር።"

"አሥራ አራት ዓመት ዘበኛ ነኝ ሲሉን ከርመው ዛሬ መምህር ሆኑብን። ሌላ ጊደር የለኝም ጋሼ። ጌጡ ደግሞ ኩሩ ሰው ነው፤ ነውር ያላት ከብት ሊሰጡኝ ነበር ብሎ ልጁን ይዞ ይሄዳል። ሁለት ዓመት የጠበቁ ልጆች ናቸው። አላየሁም ይበሉ። ማን አይቶ?"

"እኔ አይቻለሁ።"

"አንዷ ታመልጣለች ብለዋል። በዚያች አንዷ ይማሉ።"

ጥላዬም ከጉብታው ሲወርድ ያችኑ አንዷን ሲያገላብጣት ነበር። እግዚአብሔር የፈቀደ እንደሆነ ከአሥሩ አንዷ ለዝናሽ ትወጣለች፤ ለምን አትወጣም? ግን በእግዚአብሔር ስም የሚምለው እሱ ነው። እግዚአብሔር ያልነገረውን እንደ ነገረው አድርጎ ሊምል ነው።

እቴነሽ ቀና አለች። "ሙላቴ፣ እኔ እዚህ ቤት የገባሁ ሰሞን የሞተችውን በቅሎ ታስታውሳታለህ?"

"አሁን እሷን ምን አመጣት?"

"በሦስተኛው ቀን ሆዷን ነፍቷት ሞተች። እናታችሁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እግሬ ክፉ ነው ብለው ሁለት ዓመት በረት አላስገቡኝም። ላም ሲታለብ ፊቴን አዙሬ እንድቆም ነበር የሚያዙኝ። አንዲት በቅሎ ናት፣ ለዚያውም የሞተች። በየዓመቱ ኮርማ እየተጠራላት የማትወልድ ጊደር ያየች አማት ምን ትላለች? ጊደሯን ነው የምታየው?"

ሙላቴ አንገቱን ደፋ። ጥላዬም እናቱን እንዲያ አድርጎ አስቦ አያውቅም ነበር። የወንድሙ ሚስት ሃያ አራት ዓመት ይህን ይዛ መኖሯን አላወቀም፤ ሰሚ ነኝ የሚል ሰው ቤቱ ውስጥ ያለውን ሳይሰማ ቀርቷል።

"እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ" አለ ሙላቴ በመጨረሻ። ፈቃድ ይሁን ቁጣ አልለየለትም። ጣሳውን አንስቶ ወደ ቦራ ሄደ፤ ቀንዷንም ቀባት።

ዝናሽ ከቤቱ ጀርባ ድንች እየላጠች ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ደብረ ታቦር ልብስ ስፌት ተምራ ገሳይ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። ጥላዬ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ንግግሩን ሁሉ ሰምታለች።

"አጎቴ፣ ቦራ ምን አጥፍታ ነው?"

"ምንም አላጠፋች። ወንድሟም አላጠፋም። አንድ ሆድ ውስጥ ደማቸው ተገናኘ፤ የሱ መልእክት የሷ ሳይደርስ ደረሰ። ማህጸኗ የሚሠራበትን ምዕራፍ አላጣችውም፤ ይዛዋለች። ሳይነበብ ነው የቀረ።"

ዝናሽ የላጠችውን ድንች ውሃ ውስጥ ጣለች። "ለይሻው ብነግረው ይገባዋል። ለአባቱ ግን እንዴት አድርገው ነው የሚነግሯቸው?"

"አላውቅም።"

"እኔ ምን እንደምል ሊጠይቁኝ ነው የመጡ?"

"አዎ።"

"አይጠይቁኝ።" ቢላዋዋን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። "ከጠየቁኝ ዝም ይበሉ ነው የምል። ልብሴን ራሴ ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ ቀኑ ቢያልፍ ምን እንደምሆን አላውቅም። ስለዚህ አይጠይቁኝ አጎቴ።"

ጥላዬ አልጠየቃትም። ቢላዋዋን ተቀብሎ እኩል ያህሉን ድንች ላጠላት፤ ሌላ የሚያደርገው አልታየውም። ልቡ ውስጥ የሚዞረው አንድ የዳዊት ቃል ነበር፣ ለአፌ ጠባቂ አኑር የሚለው። ድሮ ሲደግመው ዝም ለማለት የተጻፈ ይመስለው ነበር።

ጌጡና ሽማግሌዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። ጌጡ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልዱን ሳይስቅ የሚናገር ሰው ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ ጠላ ጨልጦ አፉን ጠረገና "ልጅቷን ባላያትም ይሄን ጠላ ካየሁ ይበቃኛል" አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ሙላቴም ሊስቅ ሞከረ።

ምርቃቱ ተመረቀ። የሁለቱ ወገን የዘር ሐረግ ተቆጠረ፤ የሚያገናኝ ዘመድ የለም ተባለ። ከጌጡ ጋር ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ተነስተው የበሬው ዋስ ሆኑ፤ አይዋጋም፣ እርፍ ከተያዘ በኋላ አይተኛም፣ ሰርቀው ያመጡት አይደለም ብለው የሙላቴን እጅ ይዘው ማሉ። ከዚያ ሁሉም ቦራ ወደታሰረችበት ግቢ ወጡ። ቀንዷ በቅቤው ያብለጨልጫል። ጌጡ ዱላውን በቀኝ እጁ ይዞ ዞራት፤ ወገቧን መታ መታ አደረገ።

"ይቺማ ራሷ ሙሽራ ናት። ልጅቷን ቀኗን እንዳትሻማት። ዋሷ ማን ነው?"

"ወንድም ጋሼ ናቸው" አለ ሙላቴ። ቀና አላለም።

ጥላዬ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ፊት ወጣ።

"ጌታው ጌጡ፣ እኔ ለልጅቷ ዋስ ነኝ። እጇን፣ ጠባይዋን፣ ቃሏን አውቃለሁ፤ እምላለሁ። ለጊደሯ ግን አልምልም።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል ያዛቸው። ጌጡ ቦራን ድጋሚ አያትና ወደ ጥላዬ ዞረ። "ምን ነውር አላት?"

"የወንድ መንታ ናት። አትወልድም።"

"ያውቃሉ ወይስ ይጠረጥራሉ?"

"ከአሥሩ ዘጠኙን አውቃለሁ። የቀረውን አንዱን የሚነግረን ሐኪሙ ነው፤ ማክሰኞ ይመጣል። ወንድሜ ሊያታልልዎ አልነበረም፤ መንታ ናትና ትረባለች ብሎ ነው የመረጣት። ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ ያየኋት።"

"ለእርስዎስ ማን ነገረዎ?"

"ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር መምህርት።"

"የመጽሐፍ ነገር" አሉ የሚያስሉት ሽማግሌ።

"አባቷ ጀማልም ያንኑ ብሏል። የደብረ ታቦሩ፣ ከብት ነጋዴው።"

ጌጡ ቅንድቡን አነሳ። "ጀማል? አንድ ጊዜ ላም ስገዛ ከሱ ጋር ተሟግቼ አውቃለሁ። እሱስ ከብት ያውቃል።" አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጥላዬ ቀረበ። "እኔ ግን የማይገባኝ ሌላ ነው። ዝም ቢሉ ማን ያውቅብዎ ነበር? ባትወልድስ 'የእግዜር ሥራ ነው' ብለን እንተወው ነበር።"

"አይተዉትም ነበር" አለ ጥላዬ። "አንድ ዓመት ይጠብቃሉ፣ ሁለት ዓመት ይጠብቃሉ። በሦስተኛው ዓመት ቤትዎ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው ጊደሯን አይሆንም።"

ከቤቱ በር ውስጥ የቀሚስ ጫፍ ይታያል፤ አይንቀሳቀስም። ጌጡ ወደዚያ አየ። ሙላቴ የቦራን ገመድ በእጁ ጠቅልሎ መሬት መሬቱን ይመለከታል። እቴነሽ የያዘችውን ዋንጫ አላስቀመጠችም።

"ጊደር በኋላ ይፈለጋል" አለ ጥላዬ። "ስትገኝ እሷንም መርምሬ እምልልዎታለሁ። ዛሬ የምምልልዎ በዚህች ብቻ ነው።" ቀኝ እጁን ዘረጋና ጠበቀ። ክንዱ እስኪዝል ድረስ አላወረደውም።

ጌጡ ብዙ አሰበ። ከዚያ ዱላውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ።